በዳሳ የቀበቶ ቡሎን ሲመርጥ

ባለቤቴ በዳሳ በመቱ ከተማ የቡና መፈልፈያ መኪና ጠጋኝ ነው። በ1963 ከወዳደቀ ብረት የቤት መኪና ሠራ። አንድ ዓርብ፣ በማግስቱ ልጃችንን ዓያንቱን ይዘን ወደ ያዮ ከተማ ልንወርድ ስንሰናዳ፣ የመቀመጫ ቀበቶዎቹን ከአልጋችን በፈታቸው ቀጫጭን ቡሎኖች ሲያስር አየሁና ጠየቅሁት።

«እነዚህ ሰው ይይዛሉ?»

«አንቺ ደግሞ! አልጋው እኛን ችሎን የለ?»

«አልጋ ቁልቁለት አይወርድም። እስቲ የቡና ጆንያ እናንጠልጥልበት።»

እየሳቀብኝ አንዱን ቀበቶ በቡሎኑ ከቤቱ አግዳሚ ጋር አጠበቀው፤ ሙሉ ጆንያም አሰርንበት። ጆንያውን ሁለታችን ከፍ አድርገን ለቀቅነው። ቡሎኑ ተቀነጠሰ፤ ጆንያው መሬቱን መታ።

በዳሳ ሳቁን አቆመ። ዓያንቱን አየና ከመፈልፈያው የተረፉትን ወፋፍራም ቡሎኖች ፍለጋ ተነሣ።

«ያዮ ለሌላ ቅዳሜ ይቆየን» አለኝ።