ላስቲክ የለበሰው አሻንጉሊት

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» የሚባለው ለሞተ ሰው ነው። የእኛ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ግን ደህና ነው፤ ጅግጅጋ ውስጥ መኪናውን ቆሞ ሲያሳጥብ ያየሁት በቅርቡ ነው፣ ወፈር ብሏል። ስለዚህ ሳልሳቀቅ ልውቀሰው። ስሙን አልጠራም፤ ያስተምርበት የነበረውንም ኮሌጅ አልጠራም። ኮሌጁ ዛሬ የለም፤ ተከራይቶት የነበረው ፎቅ ላይ ምንጣፍ ይሸጥበታል። ሰውየውን ግን እስካሁን አልወደውም፣ ለመውደድም አልሞከርኩም።

እኔ ጅግጅጋ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አባቴ ከሸዋ መጥቶ እዚያ የልብስ ስፌት መኪናውን የዘረጋ ሰው ነበር፤ ሶማሊኛ የተማርኩት ልብስ ሊያሰፉ በራችን ላይ ተራ ከሚጠብቁት ደንበኞቹ ነው። ነርስነት ተምሬ ስጨርስ አፍደም ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። አፍደም ሙቀትና አቧራ ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ወድጄው ነበር። እስከዚያች ሴት ቀን ድረስ።

ሴትየዋ ከጅቡቲ ድንበር፣ ከደወሌ ልብስ እያመጣች የምትሸጥ ነጋዴ ነበረች። ጭነት መኪና ላይ፣ ከሸቀጡ አናት ተቀምጣ ስትመጣ ከተማው መግቢያ ላይ ወደቀች። ተሸክመው ሲያመጡልን ራሷን አታውቅም። ታንኮራፋለች፣ ትንፋሿ ቀጥ ይላል፣ እንደገና ታንኮራፋለች። ምላሷ ወደ ኋላ ወድቆ ጉሮሮዋን ዘግቶታል፤ ደምም ይገባል። የሚያስፈልጋት ነገር ግልጽ ነበር፤ አንድ ሰው በመብራት ጉሮሮዋን አይቶ የመተንፈሻ ቱቦ ወደ አየር ቧንቧዋ ማስገባት ነበረበት። ቱቦው መሳቢያ ውስጥ አለ። የሚያስገባው ሰው የለም። ሐኪም አልነበረንም፤ እኔም ሲያስገቡ እንኳ ከመጽሐፍ ላይ ሥዕል በቀር አይቼ አላውቅም።

አምቡላንስ ውስጥ አስገብተናት ወደ ድሬዳዋ በረርን። አገጯን ወደ ላይ ይዤ፣ ጭምብሉን ፊቷ ላይ ተጭኜ፣ የአየር ከረጢቱን እጨምቃለሁ። መንገዱ ያነጥረናል፤ በነጠርን ቁጥር ጭምብሉ ይንሸራተትና አየሩ በጎን ይወጣል። እህቷ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ ቱቦውን ከነማሸጊያው ይዛልኝ ነበር። ለምን ይዤው እንደወጣሁ እኔም አላውቅም።

«ይሄ ለምንድን ነው?» አለችኝ በሶማሊኛ።

ነገርኳት።

«ታዲያ አታስገቢላትም?»

«አልችልም።»

«ነርስ አይደለሽም እንዴ?»

ድሬዳዋ ሳንደርስ ሞተች። እህቷ ቱቦውን ጭኔ ላይ አስቀምጣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ጅግጅጋ ተመልሼ ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ስነሳ ሰው ሁሉ ለደሞዝ ጭማሪ መስሎት ነበር። ይምሰለው። ትምህርቱ የድንገተኛና የጽኑ ሕሙማን ነርሲንግ ይባላል፤ ሐኪም በሌለበት ቦታ ነርሷ ራሷ ሕይወት የምታተርፍበት ሙያ ነው ተብሎ በትልቁ ተጽፎ በር ላይ ተለጥፎ ነበር። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንን ቱቦ በገዛ እጄ ማስገባት። ሌላውን ሁሉ ቢያስተምሩኝም ባያስተምሩኝም ግድ አልነበረኝም።

ተማሪዎቹ ሁላችንም ሥራ ላይ የቆየን ነርሶች ነበርን። አጠገቤ የሚቀመጠው ከሐርተሼክ የመጣ፣ ከስደተኛ ካምፑ ዘመን ጀምሮ ነርስ የነበረ፣ ጢሙን ሂና የሚቀባ ሰው ነው። «አባዮ» ይለኛል፣ እህቴ ማለቱ ነው።

ብዙም ሳንቆይ አሻንጉሊቱ መጣ። ቱቦ ለማስገባት የሚለማመዱበት፣ ጭንቅላት፣ አንገትና ደረት ያለው፣ አፉ የሚከፈት፣ ምላሱና ጉሮሮው ከጎማ የተሠራ ሰው ነው። ኃላፊው ፈርሞ ተረከበው፤ ፀሐይ የሚገባበት ባለ ትልቅ መስኮት ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አስተኛው፤ በሩንም ቆለፈ። ተጠቅልሎበት የመጣው ላስቲክ አልተነሣም። መኪና ገዝቶ የወንበሩን ላስቲክ ሳያወልቅ የሚነዳ፣ የቴሌቪዥን ሪሞት በፌስታል ጠቅልሎ የሚያስር ሰው ታውቁ የለ? እሱ ነው። እንዲያውም የእሱ መኪና ወንበር እውነትም ከነላስቲኩ ነበር፤ አንድ ቀን ሊያደርሰኝ ብሎ ጭኖኝ ላብ አጥምቆኛል።

ቱቦ የማስገባቱን ትምህርት በሰሌዳ አስተማረን። ጭንቅላት ሣለ፣ ቀስት ሣለ። «አገጭ ከፍ፣ ምላስ ወደ ግራ፣ ቱቦ በቀኝ በኩል» አስባለን። እንደ ቄስ ተማሪ በአንድ ድምፅ ዘመርንለት። ሰልችቶኝ እጄን አወጣሁ።

«መምህር፣ አሻንጉሊቱ ላይ መቼ ነው የምንሞክረው?»

«ሲስተር፣ እሱ ፈርሜ የተረከብኩት ንብረት ነው። ቢቀደድ የሚቆረጠው ከእኔ ደሞዝ ነው፣ ካንቺ አይደለም።»

«ታዲያ በምን ልንማር ነው?»

«በጭንቅላትሽ ነዋ! እጅ ማንም አለው። ማስተርስ የጭንቅላት ነው። በእጅሽ መሥራት ከፈለግሽማ ምን አመጣሽ፣ እዚያው አፍደም መርፌሽን አትወጊም ነበር?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እሱ መርፌ እያለ የናቀው ሥራ ስንት ሰው ከሞት እንዳተረፈ ሳይነግሩት ተምሮ ጨርሷል አልኩ፤ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥርስ ውስጥ ገባሁ።

እንግዳ ሲመጣ ብቻ የአሻንጉሊቱ ክፍል ይከፈታል። ነጭ ጋዋን ለብሰን አሻንጉሊቱን እንከብበዋለን፤ እጃችንን ላስቲኩ ላይ እናሳርፋለን፤ ፎቶ እንነሣለን። ፎቶው በትልቁ ታትሞ ኮሪደር ላይ ተሰቀለ። እኔም አለሁበት፣ ፊቴ ኮምጣጤ የጠጣ ሰው ፊት ነው። የሐርተሼኩ ሰው የአማርኛውን ተረት ከእኛ ተምሯልና ባለፈበት ቁጥር «ላም አለኝ በሰማይ» ይላል፤ እኔ «ወተቷንም አላይ» እላለሁ።

ለልምምድ ሆስፒታል ተልከን ነበር። የማደንዘዣ ባለሙያው ግን ከኋላ አስቁሞ አሳየን እንጂ አላስነካንም። «መጀመሪያ አሻንጉሊት ላይ ሠርታችሁ ኑ፤ ሰው መለማመጃ አይደለም» አለን። ልክ ነበር። ልክ በመሆኑም ደግሞ ተናደድኩ፣ እሱን እንኳ በደንብ ልጠላው አልቻልኩም።

ሐሳቡ የመጣው ሥጋ ተራ ሳልፍ ነው። ጅግጅጋ የፍየል ሥጋ የሚሸጡት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ጭንቅላቱን ከነጉሮሮው ለብቻው ደርድረው ያስቀምጡታል። አንዱን ገዝቼ ወደ ቤት ሄድኩ። አከራዬ የእኛው አገር ሴት ናቸው፣ ማተባቸውን የማያወልቁ፤ በር ላይ ያዙኝ።

«ከየት ነው የገዛሽው?»

«ከሥጋ ተራ።»

«የእስላም ሥጋ? እኔ ቤት አይገባም፣ ልጄ!»

«ልበላው አይደለም እኮ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊው ነው?»

«ቱቦ ላስገባበት።»

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» ብለው አማተቡ። ለሳምንት ያህል ጎረቤቱ ሁሉ አእምሮዬን እንደነካኝ ሰማ።

የሐርተሼኩ ሰው ግቢውን ሰጠኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓሮው ቁጭ ብለን እንለማመዳለን። አንዳችን በሞባይል መብራት እናበራለን፣ ሌላችን በማንኪያ እጀታ የፍየሏን ምላስ ገፍተን እንፈልጋለን። የፍየል አፍ ረጅምና ጠባብ ነው፤ ጉሮሮዋ ከሩቅ ነው የሚታየው። ቱቦው በትክክል ከገባ ታች በተቆረጠው የአየር ቧንቧ በኩል ብቅ ይላል፤ ከተሳሳተ በምግብ መውረጃው ይወጣና ሚስቱ ከማድቤቱ ሆና ትስቅብናለች። ስንጨርስ ጭንቅላቱን ወስዳ ሾርባ ታደርገዋለች። እኔ ሾርባውን አልቀምስም፣ እነሱም አይጋብዙኝም፤ በዚህ ተግባብተን ነበር።

ከመጨረሻው ፈተና በፊት በነበረው ዕረፍት ዕቃዬን ላመጣ አፍደም ሄድኩ። የሟቿ እህት ገበያው ጥግ ትንሽ ሱቅ ከፍታለች። ልደበቅ አሰብኩ፤ ቀድማ አየችኝ።

«ልትማሪ ሄደሽ ነው አሉ።»

«አዎ።»

«አሁን ታውቂያለሽ?»

ምን ልበላት? ፍየል ላይ እችላለሁ ልበላት? «ልጨርስ ነው» ብዬ ሸሸሁ። በመኪናው ላይ እስከ ጅግጅጋ ድረስ ያንን የትምህርት ክፍል ኃላፊ በልቤ ስረግመው መጣሁ።

ለተግባር ፈተናው ከአዲስ አበባ ፈታኝ መጣች። ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች፣ ለፈገግታ የማትቸኩል ሴት ናት። ኃላፊው ክፍሉን ከፈተ፤ አሻንጉሊቱ እንደ ሙሽራ በላስቲኩ ተሸፍኖ ተኝቷል። የመጀመሪያዋ ተፈታኝ እኔ ነበርኩ።

«ይህ ሰው ትንፋሹ እየቆመ ነው። ቱቦ አስገቢለት» አለችኝ።

ኃላፊው ጣልቃ ገባ። «ተማሪዎቻችን ደረጃ በደረጃ በቃል ነው የሚያብራሩልዎ።»

«በቃል?»

ከጋዋኔ ኪስ መቀሴን አወጣሁ። ላስቲኩን ከአገጩ እስከ ደረቱ ቀደድኩት። ኃላፊው የጮኸው ጩኸት ከፎቁ ሥር እስካሉት ሞባይል መሸጫዎች ሳይሰማ አልቀረም። እኔ ግን ደስ እያለኝ ነበር፤ አልዋሽም፣ በጣም ደስ እያለኝ። አፉን ልከፍት አገጩን ይዤ ወደ ታች ሳብኩ።

አልተከፈተም። በጣቴ ሞከርኩ፤ ገፋሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከመስኮቱ ፀሐይ ሥር፣ ላስቲክ ውስጥ ታፍኖ ኖሮ ጎማው ቀልጦ ኖሯል። ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆ አንድ ሆኗል። ስገፋው ከንፈሩ እጄ ላይ ተቀደደ።

«ሰበረችው!» አለ ኃላፊው። «ሁላችሁም ምስክር ናችሁ፣ ሰበረችው!»

ፈታኟ ቀረበች። ጣቷን አፉ ውስጥ ከትታ አወጣችና የተጣበቀባትን ጎማ በመሐረብ ጠረገች።

«ይህን ነገር ከመጣ ጀምሮ ማን ሠርቶበታል?»

የሐርተሼኩ ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ። «ዋላሂ ማንም አልሠራበትም። ፎቶ ተነሥተንበታል።»

ፈተናው ቆመ። ፈታኟ አንዳችንንም አላሳልፍም አለች፤ ሁላችንም ሌላ ከተማ ሄደን ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ተጨማሪ መንፈቅ እንድንሠራ ተወሰነ። ጓደኞቼ ያመሰግኑኛል ብዬ አስቤ ከነበረ ሞኝ ነበርኩ። የምርቃት ካባ ያስለኩ፣ ዘመድ የጠሩ፣ ሹመት የሚጠብቁ ነበሩ። «በቃልሽ ብትናገሪ ምን ነበረበት?» አለችኝ አንዷ እያለቀሰች። «ያንቺ እልህ የኛን ምርቃት ቆረጠው!» ከነዚያ ውስጥ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያዩኝ የሚሻገሩ አሉ። ይሻገሩ። የሐርተሼኩ ሰው እንኳ «እኔም ተናድጄብሻለሁ አባዮ፣ እንዳትሳሳቺ» ብሎኛል።

ኃላፊው ምን ሆነ ካላችሁ፣ ምንም አልሆነም። ንብረት አወደመች ብሎ ከሰሰኝ፤ ክሱም ሳይዘጋ ሳይፈረድ ቀረ። ፎቶው ኮሌጁ እስኪዘጋ ከኮሪደሩ አልወረደም።

ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ የገጠመኝ የማደንዘዣ ባለሙያ ሽማግሌና ቁጡ ነበሩ። የመጀመሪያዋ ታካሚዬ ፊት ስንቆም አገጯን ደጋግሜ አስተካከልኩ። «ምን ታሻሻታለሽ፣ እዪና አስገቢ!» ብለው ጮሁብኝ። አየሁ። የአየር ቧንቧዋ ነጭ በር ከፊቴ ወለል ብሎ ታየኝ፤ ከፍየሏ አንጻር ቅርብ ነው፣ እጅግ ቅርብ። ቱቦው ገባ። ደረቷ በሁለቱም ጎን እኩል ከፍ ሲል አለቀስኩ። ሽማግሌው አይተውኝ «እንባሽን ሕመምተኛዬ ላይ አታንጠባጥቢ» አሉኝ።

ከተመረቅሁ በኋላ መጀመሪያ የሄድኩት አፍደም ነው። ማንም አልጠራኝም፤ ለሟቿ እህት ልነግራት ነበር። ሱቋ ውስጥ ስኳር እየመዘነች አገኘኋት።

«አሁን አውቃለሁ» አልኳት። «አሁን እችላለሁ። በሕይወት ያለ ሰው ላይ፣ በእጄ።»

ሚዛኑ እስኪረጋ ቀና አላለችም። እሰይ እንድትለኝ ጠብቄ ነበር መሰለኝ። ስኳሩን ቋጥራ ለገዢው ሰጠችና በአገጯ ወደ ሱቁ ጥግ አመለከተችኝ። ሦስት ልጆች የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ትልቋ የትንሹን ጫማ እያሰረችለት ነው።

«ልጆቿ እነዚያ ናቸው» አለችኝ። «ለእነሱ ንገሪያቸው።»

ያንን ኃላፊ መንገዱን ሁሉ ስሰድበው ነበር የመጣሁት፤ በአማርኛም በሶማሊኛም ስድብ ሞልቶኛል። ልጆቹ ቀና ብለው አዩኝ። ለእነሱ የሚሆን አንድ ቃል በሁለቱም አጣሁ።