የኦቦ ጋቢና የእኔ ቬንትሌተር

ጉደር የሠራሁበት ቢሮ ኮርኒስ የሌለው፣ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ አንድ ክፍል ነበር። ጥር ሲገባ ከሰዓት በኋላ ውስጡ እንደ ምጣድ ይግላል። እኔ ታይፒስት ነኝ፣ ያውም የመጀመሪያ ልጄን ያረገዝኩ። ፊት ለፊቴ የሚቀመጡት ሁላችንም "ኦቦ" የምንላቸው የመዝገብ ቤቱ አዛውንት ናቸው። ቬንትሌተርማ ነበረን! ግን ኦቦ ነፋስ ይፈራሉ። በርና መስኮት አንድ ላይ ተከፍቶ ካዩ ተነስተው አንዱን ይዘጋሉ፤ ነፋስ የመታው ሰው አፉ እንዴት እንደሚጣመምም በዝርዝር ይነግሩናል። ስለዚህ ቬንትሌተሩ ፕላስቲኩ እንኳ ሳይወልቅ ቁምሳጥን ላይ ይኖራል።

የእኔ ሐሳብ እስክወልድ መሥራት ነበር። ከመውለዴ በፊት ያልነካሁት ፈቃድ ከወለድኩ በኋላ ይጨመርልኛላ! አንድ ቀን ግን ዓይኔን ጭልም አድርጎኝ የጽሕፈት መኪናዬ ላይ ተደፋሁ። ኃላፊያችን ደንግጠው፣ እንዲህ ያለ ነገር ከተደገመ ያለ ክርክር ፈቃድ እንደምወጣ ነገሩኝ።

እንባዬ መጣ፤ ንዴቴም አብሮ መጣ። ነገር ደግሞ ሆዴ ውስጥ አያድርም። ወደ ኦቦ ዞሬ፣ "እርስዎ ነፋስ ስለፈሩ እኔ ልጄን ሳልጠግብ ሥራ ልመለስ?" አልኳቸው።

በማግስቱ ስገባ ቬንትሌተሩ ጠረጴዛዬ ላይ ይሽከረከራል። ኦቦ በዚያ ሙቀት ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል፤ የሚታየው ዓይናቸው ብቻ ነው።

"ኢንተላ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ "አንቺ ሥሪ።"

አንጀቴን በሉት። ከዚያ ወዲያ ባለጉዳይ በገባ ቁጥር ታመው መስሎት "እግዜር ይማርዎ" ይላቸዋል፤ እሳቸውም አሜን ብለው ፋይሉን ይሰጡታል። ምጥ የያዘኝ እዚያው ወንበሬ ላይ ነው።

ልጄን ጠግቤ ግንቦት ላይ ሥራ ተመለስኩ። የዚያኑ ዕለት እናቴ ሕፃኗን እንዳጠባት ይዛት መጣች። ኦቦ ለእኔ ብለው ቬንትሌተሩን ከፍተዋል፤ እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ተከናንበዋል። ልጄን ተቀብዬ ሳቅፋት ያቺ ሳሳ ያለች የግንባሯ ፀጉር ብን ብን አለች። ወይ ጉዴ! ዘልዬ ቬንትሌተሩን አጠፋሁ፤ መስኮቱንም ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ። ነፋስ ሊመታብኝ!

ኦቦ ቀስ ብለው ጋቢያቸውን አወረዱ። ፊታቸው በላብ ርሷል።

"ተመስገን" አሉ ላባቸውን እየጠረጉ፣ "እኔ እኮ በሙቀት ልሞት ነበር።"