ለጾም ከሜኑው ያነሣሁት

የቤታችንን ኮምፒውተር ሜኑ፣ የፕሮግራሞቹን ዝርዝር፣ ማስተካከል ያስተማረችኝ ልጄ ናት። «የምትወጂውን ፕሮግራም ከላይ አድርጊው፣ እማ» ትለኝ ነበር። እኔ ዳዊት የማነብበትን፣ እሷ ሥዕል የምትሥልበትን ከላይ አደረግን።

ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ ሥዕሉ ጨዋታ ነው ብዬ ከሜኑው አነሣሁባት።

«ኮምፒውተርም ይጾማል እንዴ?» አለችኝ።

«ለፋሲካ እመልስልሻለሁ» አልኋት። አልሳቅሁም።

ፋሲካ ደረሰ፤ ብሞክር መመለሱ አቃተኝ። ጨርሶ ያጠፋሁት መስሎኝ አፍሬ ዝም አልሁ። እሷም አልጠየቀችኝም። ከዚያ ወዲህ ስትሥል አላየኋትም።

አሁን እንጅባራ ሥራ ይዛለች፤ ጤና ናት፣ ተመስገን። ባለፈው ሳምንት ኮምፒውተሩ አልነሣ ቢለኝ በጋሪ ጭኜ ዳንግላ ገበያ ወዳለው ጠጋኝ ወሰድሁት። ሠርቶ ሲጨርስ ስለ ሥዕሉ ፕሮግራም ጠየቅሁት።

«ኧረ አልጠፋም፣ እናቴ! ከሜኑው ነው እንጂ ያነሡት፣ ፕሮግራሙማ ይኸው» ብሎ ከፈተልኝ።

ሥዕሎቿም አሉ። የመጨረሻው እኔ ነኝ፤ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ። ፊቴ ገና አልተሣለም።

ፕሮግራሙን ከዳዊቱ በላይ አስቀመጥሁት። ለእሷ ግን እስካሁን አልነገርኋትም።