በአክስቴ ፈንታ የተናገረችው አሻንጉሊት

አክስቴ ድሬ ውስጥ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ፣ ሽቲ የሚሉትን ስስ ቀሚስና ሻርፕ ትሸጣለች። ሱቋ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምበት ነው፤ ድምጿ ግን መንገዱን ሁሉ ይዞታል። በኦሮምኛ "ኮቱ" ብላ ትጠራለች፣ በሶማልኛ ታሟሙቃለች፣ በአማርኛ ዋጋ ትቆርጣለች፤ ደንበኛው ሐረሪ ከሆነ በሐረሪኛ መርቃ ትሸኘዋለች። ቀፊራ ገበያ ልትሄድ ባጃጅ የተሳፈረች ሴት የአክስቴን ድምፅ ሰምታ ግማሽ መንገድ ላይ ስትወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። ባሏ የሞተው ልጆቿ ገና ተማሪ ሳሉ ነው፤ ሁሉንም ያሳደገችው በዚያ ጉሮሮ ነው።

ይኸው ጉሮሮ ትንሽ እባጭ አወጣና ኦፕራሲዮን ሆነች። ሐኪሙ ከመሀል አገር የመጣ ወጣት ነው፤ "እርስዎ" ብሎ ሲያናግራት ከኋላዋ ሌላ ሰው የቆመ መስሏት ዞር ብላ አየች። ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙ አይሠራም፤ አያትም አንቺ፣ ሹምም አንተ ነው። "እኔ እስክፈቅድልዎ አንዲት ቃል እንዳይናገሩ" አላት። "ሹክሹክታም አይቻልም፣ መሳቅም የለም። ካልተጠነቀቁ ድምፅዎ ላይመለስ ይችላል።"

አክስቴ እኔን አየችኝ፣ እኔ ደግሞ ሐኪሙን አየሁት። ምስኪን፣ ምን እያዘዘ እንደሆነ አያውቅም። የድሬን ፀሐይ ቀዝቅዢ ብሎ ማዘዝ ይቀለው ነበር። ቢሆንም ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ከእጇ ገባኝ፤ እጄን ይዛ አልለቀቀችውም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት መከራ ነበሩ። እያጨበጨበች ደንበኛ ትጠራለች፤ ሰው የሚያየው እጇን ሳይሆን የምታጨበጭብበትን ምክንያት ፍለጋ ሰማዩን ነው። በስልክ የሚያዙት ደግሞ ይብሳሉ። የሻርፕ ፎቶ ትልክላቸዋለች፣ ክርክሩን ግን እስከዛሬ የምትጨርሰው በድምፅ መልእክት ነበር። "ታዲያ ጻፊላቸው" አልኳት። እሷ ስልክ ላይ አንድ ፊደል ፈልጋ እስክታገኝ ደንበኛው ከሌላ ሱቅ ገዝቶ ይለብሳል። ደግሞስ በምን ፊደል? ግማሹ ደንበኛዋ በላቲን ይጽፋል፣ ግማሹ በእኛ ፊደል፣ ግማሹ ጭራሽ አይጽፍም። ሦስት ግማሽ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ድሬ ውስጥ ግን አለ።

አክስቴ ግን ፊት አላት። አንዱን ቅንድብ ካነሳች "የመጨረሻ ዋጋ ነው" ማለት ነው፤ ከንፈሯን ካጣመመች "ሂጂ፣ ዞረሽ እኔው ጋ ትመጫለሽ" ማለት ነው። ያንን ሶማሌውም ኦሮሞውም ያለ አስተርጓሚ ያነበዋል። ስለዚህ ፊቷን በስልክ የሚላክ ስቲከር ላድርግላት ብዬ ተነሳሁ። ሥራዬ ቤት ቁጭ ብዬ ኮድ መጻፍ ነው፤ ዘመዶቼ በሙሉ ሥራ ፈት ነኝ ብለው ያምናሉ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ምን እንደምሠራ ያዩልኛል ብዬ ጓጓሁ።

የቤተሰቡ ግሩፕ ውስጥ የአክስቴ የዓመታት ፎቶ ተከምሯል፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ሱቋ ውስጥ የተነሳ ነው። የሳቀ፣ የተቆጣ፣ ዋጋ አልቀንስም ያለ ፊት እያልኩ ለያየሁት። እያንዳንዱን በእጅ መቁረጥ ዕድሜ ይጨርሳል፤ ስለዚህ ስክሪፕት የሚባል አጭር ኮድ ጻፍኩ። ፎልደሩን ይከፍታል፣ ፎቶዎቹን ተራ በተራ ያያል፣ ፊት ይፈልጋል፣ ቆርጦ ያወጣል፣ ከጀርባ ያለውን ያጠፋል፣ በስቲከር ልክ አሳንሶ ያስቀምጣል። ከዚያ ቴስት ጻፍኩለት። ቴስት ማለት የመጀመሪያው ኮድ ሥራውን በደንብ መሥራቱን የሚፈትሽ ሌላ ኮድ ነው፤ ደህና ከሆነ አረንጓዴ፣ ካልሆነ ቀይ ያሳያል። መጠኑ ልክ ነው? አረንጓዴ። ጀርባው ጠፍቷል? አረንጓዴ። ውስጡ የሰው ፊት አለ? አረንጓዴ። እኔ በቴስት የማምን ሰው ነኝ። ዓይን ይደክማል፣ ሰው ይሸነግላል፣ ቴስት ግን ዘመድ አያውቅም እያልኩ ለሰው ሁሉ እሰብካለሁ። ስለዚህ አንዱንም ስቲከር ከፍቼ ሳላይ፣ ቀትር ላይ ሱቆች ተዘግተው ከተማው ጋደም ባለበት ሰዓት፣ አክስቴ ስልክ ላይ ጭኜላት እኔም ሄጄ ተኛሁ።

ፀሐይዋ ስትበርድ አክስቴ ሱቋን ከፈተች። መነጽር ያስረጀኛል ስለምትል ቤት ትታው ነው የምትውለው፤ ስቲከሮቹን የለየቻቸው እኔ በደረደርኩላት ተራ ብቻ ነው። የጅጅጋ ደንበኛዋ ዋጋ ቀንሺልኝ ብላ በድምፅ ለመነቻት። አክስቴ "አይሆንም" የሚለውን ስቲከር ሰደደች። ሴትየዋ መለሰች፦ "ሐዬ፣ ይቺ ያደረገችው ሻርፕ ስንት ነው?" አክስቴ ግራ ገባትና "አትቀልጂ" የሚለውን ሰደደች። "እሺ፣ በጎን በኩልም አየሁት" አለች ሴትየዋ፣ "ስንት ነው ነው የምልሽ።" ትንሽ ቆይታ የሐረር ደንበኛዋም ስለዚያው ሻርፕ ጠየቀች። ከዚያ ሌላዋ። አክስቴ ይኼኔ ከጎረቤት ሱቅ መነጽር ተበደረች።

ባጃጅ ተሳፍራ እኔ ቤት ስትደርስ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። አየሁ። አክስቴ የለችም። ያለችው ሱቋ በር ላይ ሻርፕ ተደርጎላት የምትቆመው የፕላስቲክ አሻንጉሊት ነች። "አይሆንም" አሻንጉሊቷ፣ "እሺ" አሻንጉሊቷ፣ "አብሽሪ፣ ነገ ይደርስሻል" አሁንም አሻንጉሊቷ፣ በዚያ በሚያፈጥ ዓይኗ። አናቷ ላይ ያለው ሻርፕ ደግሞ ቀለሙን ፀሐይ የመጠጠው፣ ብርቱካን ይሁን ቡኒ የማይለይ፣ አክስቴ ለዓመታት በምርቃት ውሰዱልኝ ብላ ወሳጅ ያጣችለት ነው። ከፎቶው ሁሉ ጥግ ላይ አሻንጉሊቷ መኖሯን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ከልጅነቴ ጀምሮ እዚያው ስለቆመች እንደ በሩ መቀርቀሪያ ሆና ነው እንጂ ማንም አያያትም።

"ቴስቱ እኮ አልፏል" አልኩ። ማለት የሌለብኝ እሱን ነበር።

አክስቴ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች። ያንን ትንፋሽ ታይዋን ሙሉ ያውቀዋል፤ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣውን የሰማ ሰው ሁለተኛ ሲከራከራት አይታይም። ሐኪሙ ትዝ አለኝ። ዘልዬ አፏን በእጄ ከደንኩት። የእናቴን ታላቅ እህት አፍ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በሻይ እጄ ከደንኩት። ዓይኗ ፈጠጠ፣ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቀች ነው። ይሄ ደግሞ ከመጮህ አይሻልም። "ኧረ በአላህ አትሳቂ፣ መሳቅም ተከልክሏል" ስላት ባሰባት። ሻርፗን ነክሳ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ያለ ድምፅ ስትንፈራፈር "እስቲ የሞተ ሰው አስቢ" አልኳት። የሞቱትም ቢሆኑ የሚያስቁ ናቸው መሰለኝ፣ አልጠቀማትም።

ጥፋቱ የት እንዳለ ያገኘሁት ስትረጋጋ ነው። ስክሪፕቱ ፎቶ ውስጥ ከአንድ በላይ ፊት ካገኘ ጠርቶ የሚታየውን እንዲመርጥ አዝዤዋለሁ። አክስቴ ፎቶ ስትነሳ እንኳ እያወራች፣ እየዞረች፣ የሆነ ሰው እየጠራች ስለሆነ ደብዝዛ ነው የምትወጣው። አሻንጉሊቷ ግን ፍንክች አትልም። ያ የምኮራበት ቴስት ደግሞ ፊት አለ ወይ ብሎ ጠየቀ እንጂ የማን ፊት ነው አላለም።

ስክሪፕቱ አሻንጉሊቷን ትቶ ሌላውን ፊት እንዲቆርጥ አዘዝኩና፣ የማን ፊት እንደሆነ የሚጠይቅ አዲስ ቴስት ጻፍኩ። የአክስቴን ጥቂት ጥርት ያሉ ፎቶዎች ለማነጻጸሪያ ሰጠሁት፤ እሷን የማይመስል ሁሉ እንዲወድቅ። መጀመሪያ አሻንጉሊቷን አቀረብኩለት፤ ቀይ። በቀይ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቀጥሎ የአክስቴን ሰጠሁት፤ ግማሾቹን አሳለፈና ሌሎቹን "ይቺ እሷ አይደለችም" ብሎ ጣላቸው። ተናድጄ አንድ በአንድ ከፍቼ ሳያቸው ሁሉም አፏን የዘጋችባቸው ፎቶዎች ናቸው። ለማነጻጸሪያ የሰጠሁት በሙሉ እያወራች የተነሳችው ነበራ። የተዘጋ አፍ ያላትን አክስቴን ኮዱ አያውቃትም።

ልስቅ ነበር፤ ግን ከፊቴ ተቀምጣ፣ አፏን ዘግታ፣ ሻይዋን ስታማስል አየኋት። እኔም ከኮዱ የተሻልኩ አልነበርኩም። ይቺን ዝምተኛ ሴት አላውቃትም፤ ድምጿ ባይመለስ ማን ልትሆንብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ፍርሃቴን እንዳታይብኝ ላፕቶፑን አዞርኩና አፏን የዘጋችበትንም ፎቶ ማነጻጸሪያው ውስጥ ጨመርኩ። አሁን ሁሉም አለፈ፤ እኔም በዚህኛው ጊዜ እያንዳንዱን ስቲከር በዓይኔ አየሁ። ስልኳ ላይ ጭኜላት "የድሮዎቹን አጥፊያቸው" አልኳት። በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች።

ወደ ሐኪሙ የምንመለስበት ቀን ደረሰ። ጉሮሮዋን አየና ቁስሉ በደንብ ድኗል አለ። "እስቲ ቀስ ብለው 'አ' ይበሉ።"

አክስቴ አፏን ከፈተች። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። እንደገና ሞከረች፤ አሁንም አየር። ሐኪሙ "አይጨነቁ፣ አንዳንዴ ይዘገያል" አለ፤ እሱ ራሱ ግን ተጨንቆ ነበር። አክስቴ ጭኗ ላይ ወዳለው ስልክ አጎነበሰች። ምን ልበላት? እንደ ደንቡ "አብሽሪ" ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ወንበሬን ወደ እሷ ሳብኩ።

ቦርሳዬ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ከፈትኩት። አክስቴ ናት የላከችው፤ "አይሆንም" የሚለው ስቲከር፣ አሻንጉሊቷ ከነሻርፑ፣ ከነዚያ የፈጠጠ ዓይኗ። አላጠፋቻቸውም። በሐኪም ፊት፣ በማይሳቅበት ቦታ፣ ሳቅ አመለጠኝ፤ አፌን በእጄ ብከድነውም አልቆመም። አክስቴ አየችኝ። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ ከጉሮሮዋ ውስጥ የሆነ ነገር ተንኳኳ፤ ዝገት የያዘው በር ሲከፈት የሚያሰማው ዓይነት። ሐኪሙ ከወንበሩ ተነሳ። ሳቋ ድምፅ ነበረው።

እጇን ጉሮሮዋ ላይ አደረገች፤ ዋጠች፤ ከዚያ በሻከረ፣ በተሰባበረ፣ ግን በራሷ ድምፅ፦

"ሻርፑን ሸጥኩት" አለች።

ሐኪሙ የምን ሻርፕ እንደሆነ አልገባውም። እኔ እያለቀስኩ "ለማን?" አልኳት።

"ለጅጅጋዋ" አለች። "ዋጋም አልቀነስኩላት።"