ሚዶው የቆመበት

ልጄ ውሻዋን አጥባ ስታበጥር፣ የእርጥብ ፀጉሩ ሽታ ወደ ጃንሆይ ዘመኗ ጎባ፣ አያቴ ግቢ ይመልሰኛል።

አንድ ቀን ያበደ ውሻ ሰፈራችን ገብቶ ነበር። አያቴ ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው እናቴን፣ «ረጅም ፀጉር ንክሻ ይደብቃል። አንበስን ደህና አድርገሽ ገልጠሽ እዪው፤ ከተነከሰ አልምረውም» አሏት።

አንበስ የሟች አባቴ ውሻ ነበር። እኔ አንገቱን ስይዘው እጄን ይልሰኝ ነበር፤ እናቴ ከጭራው ጀምራ ፀጉሩን በሚዶ እየከፈለች ወደ ላይ መጣች። ጆሮው ሥር ስትደርስ ሚዶው ቆመ። ጎንበስ ብላ አየችና ፀጉሩን መልሳ አስተኛችው።

«ምንም የለውም፣ አባባ» አለች።

ከዚያ ጓሮ ወስዳኝ እጄን በሳሙና እስኪላጥ ድረስ አሸችው። ያየችውን እስክትሞት አልነገረችኝም።

ልጄ ውሻዋ መዳፏን ሲልሳት ትስቃለች። እኔ ሳሙና ፍለጋ ተነሳሁ።