የሙነወር ዜሮ

ሙነወር ወንድሙን በጥፊ ብቻ መትቶት ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራሁ። ጥፊ እኛ ግቢ ውስጥ ብርቅ አይደለም። እሱ ግን በቡጢ ጀመረ፣ ቢላል ሲወድቅ በእርግጫ ቀጠለ፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ በጁምዓ ቀን፣ ከሶላት መልስ።

እኔ ሙሉዬ ነኝ። ምን አለሽ ተራ ከበርሜል ቆርቆሮ የሚሠራ የከሰል ምድጃ እሸጣለሁ። ሙነወር ከፊት ለፊቴ የመኪና ባትሪ ይጠግናል። ማታ ደግሞ አብነት ጀርባ ያለ አንድ ግቢ ያገናኘናል፤ የእሱ በርና የእኔ በር ፊት ለፊት ነው። ስለዚህ ይህን ሰው ሚስቱ ብሆን እንኳ ከዚህ በላይ አላውቀውም ነበር። ሚስት የለውም። የነበረችው በሁለተኛው ዓመት ሻንጣዋን ይዛ ወጥታለች፣ ደግ አደረገች።

ከወሎ የመጣው በአሥራ አራት ዓመቱ ነው። አባቱ ሲሞት የስድስት ዓመቱን ቢላልን አስመጥቶ ያሳደገው እሱ ነው። አጥቦታል፣ አስተምሮታል፣ ሲታመም አዝሎ ሐኪም ቤት ወስዶታል፤ ይህን ማንም አይክደውም። እጁ ግን ይፈጥናል። አንድ ደላላ ባትሪ ደብቀሃል ቢለው ሁለት የፊት ጥርሱን አራግፎለት ሦስት ቀን ጣቢያ አድሯል። እጆቹ አሲድ የበላቸው፣ ሱሪው የተበሳሳ፣ ሲናገር የሚጮህ ሰው ነው። ቢላል ሠላሳ ዓመት ሞልቶት፣ ቤት ውስጥ በሲንጀሩ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋ ራሱን ችሎ እንኳ፣ ከወንድሙ ፊት ሲያልፍ ትከሻውን ሰብሰብ ያደርግ ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት ሙነወር ከአንድ ሾፌር ጓደኛው ጋር ጂቡቲ ሄደና ባሕር አይቶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ ልላችሁ ነበር፤ ለጥቂት ጊዜ እውነትም ይመስል ነበር። ቴሌቪዥኑን አንስቶ በቦታው አልጋ የሚያህል የመስታወት ገንዳ አስቀመጠ። ጨውን ከዱባይ በሚመጡ ሰዎች፣ ዓሣውን ከጂቡቲ በጄሪካን አስመጣ፤ ሁለት ብርቱካንማ ባለ ነጭ ቀበቶ፣ አንድ ደማቅ ቢጫ። ከሥራ ሲመለስ ፊታቸው ቁጭ ይላል፣ ግቢውም ዝም ይላል። እኔ ዓሣ ወድጄ አላውቅም፣ እነዚያን ግን ወደድኳቸው፤ ጩኸት አስተዉልኛ።

ነገሩ ግን ልክ ይፈልጋል። ከገንዳው የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው አይተንም። ካልተተካ ውሃው በየቀኑ ጨው እየበዛበት ይሄዳል። ስለዚህ ቢላል በየጠዋቱ በመስታወቱ ላይ እስከተሰመረው መስመር ድረስ ጨው የሌለው ውሃ ይጨምራል። በየጁምዓው ደግሞ ሙነወር ከገንዳው በትንሽ ጠርሙስ ቀድቶ ሱቁ ያመጣና በመነጽር ይለካል። መነጽር የሚለው ጣት የምታክል ቱቦ ናት። ጫፏ ላይ ሁለት ጠብታ ያደርጋል፣ ክዳኗን ይገጥማል፣ ወደ ብርሃን አዙሮ በአንድ ዓይኑ ያጮልቃል። ውስጧ ሰማያዊና ነጭ የሚገናኙበት ቁጥር ነው ጨዉ። የባሕር ልኩ ሠላሳ አምስት ነው። ከመለካቱ በፊት በተጣራ ውሃ ዜሮዋን ያስተካክላል፤ የተጣራ ውሃ ደግሞ ባትሪ ጠጋኝ ቤት ምን ጠፍቶ!

በዚያ ሰሞን መንገዱ ተቆፍሮ መኪና ወደ እኛ አይገባም ነበርና ሥራው ቀዝቅዟል። አንድ ጁምዓ መነጽሯ ሠላሳ ሦስት አለች። ሙነወር ቤት ሄዶ ሠላሳ አምስት እንዲሞላ ጨው ጨመረና ቢላልን በጥፊ አለው፤ «ከመስመሩ አሳልፈህ እየሞላህ፣ ሲበዛ ከነጨው ቀድተህ እየደፋህ ነው!» ብሎ። በሳምንቱ ሠላሳ አንድ አለች። ጨው ጨመረ፣ የቢላልን ካውያ አንስቶ ወረወረበት፣ ለጥቂት ሳተው። ቢጫው ዓሣ በጎኑ ተንሳፎ ተገኘ። ሌሎቹም ጥግ ይዘው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሱ ጀመር።

በሦስተኛው ጁምዓ ሠላሳ አለች። ፊቱ ሲለዋወጥ ከምድጃዎቼ መሃል ሆኜ አየሁ። ሱቁን ሳይዘጋ ወጣ። ደሙ እንደፈላ ስለገባኝ ዕቃዬን ለጎረቤት አደራ ብዬ ተከተልኩት፤ በእጄ ይዤው የነበረውን መቆስቆሻ ማስቀመጥ እንኳ ረስቻለሁ።

ስደርስ ቢላል መሬት ላይ ነበር። ሲንጀሩ ተገልብጧል፣ ሰማያዊው ጨርቅ ላይ ደም ተረጭቷል። ሙነወር ደረቱ ላይ ተቀምጦ በቡጢ ጆሮ ግንዱን ይለዋል።

«እመን! ካመንክ እተውሃለሁ! ውሃ አብዝተሃል አላበዛህም?»

«ወላሂ ከመስመሩ አላሳለፍኩም ጋሼ።»

«ውሸታም!» ደገመው።

«አዎ በለውና ተገላገል!» ብዬ ጮህኩ እኔ፤ እኔ ጅሏ። ቢላል በደም ከተሸፈነ ፊቱ አየኝና ራሱን ነቀነቀ። «ያላደረግኩትን አልልም እትዬ።»

ያኔ ነው በመቆስቆሻው የሙነወርን ጀርባ ያልኩት። አንዴም አይደለም። ሦስት ጎረቤቶች ተጋግዘው አነሱት። ከቢላል ግራ ጆሮ ደም ይወርድ ነበር። ሐኪሙ ታምቡሩ መቀደዱን፣ ውስጡም መጎዳቱን ነገረን፤ በዚያ ጆሮ ከእንግዲህ አይሰማም። ቢላል በማግስቱ ሲንጀሩን በጋሪ አስጭኖ እህል በረንዳ ጓደኛው መጋዘን ጥግ ገባ። ሙነወርም «ውሸታም ይሂድ» አለና እንደገና ሠላሳ አምስት እንዲሞላ ጨው ጨመረ፤ እሑድ ከሁለቱ ብርቱካንማዎች አንዱ ሞተ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሙነወር ከገንዳው ቀድቶ መጣ። ቢላል ከሄደ ወዲህ ውሃውን የሚጨምረው ራሱ ነው፣ የመጨረሻው ዓሣ ግን አፉን ከፍቶ ይቃትት ነበር። ዜሮ ሊያስተካክል የተጣራውን ውሃ ቢያነሳ ከታች ሁለት ጣት ብቻ ቀርቶታል፤ አዲስ ከፈተና ጠብታ አድርጎ አየ። አላመነም፣ ደግሞ አየ። ነጩና ሰማያዊው ከዜሮ በታች ወርደው ጠፍተዋል። ብሎኗን ዞር ዞር አድርጎ ዜሮ ላይ አመጣቸው። ከዚያ የገንዳውን ውሃ ለካ።

«አርባ ስድስት» አለ።

መነጽሯን ጠርጎ ከአሮጌው ጠርሙስ ጠብታ አደረገ። ንጹህ ውሃ ዜሮ ሊሆን ይገባል፤ አሥራ አንድ አለ። ሙነወር ጣቱን ነከረና ምላሱ ላይ አደረገው። ወዲያው እንትፍ አለ። ባትሪ ጠጋኝ የአሲድን ኮምጣጣነት አይስተውም።

የባትሪ አሲድ እየመጠጠ የሚለካበትን ባለ ላስቲክ የመስታወት መምጠጫ ሲጨርስ የሚያለቀልቀው እዚያው የተጣራ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ነው። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው፣ ስንት ዓመት አይቼዋለሁ። ደህና ሥራ ሲኖር ጠርሙሱ በሳምንት ያልቃል፤ መንገዱ ሲቆፈር ሁለት ወር ቆየና ጠብታ በጠብታ ኮመጠጠ። ባትሪ ደግሞ በዚያ ውሃ ቢሞላ አይጮህ፣ በምን ይወቅ? በዚያ ውሃ ዜሮ ያስያዛት መነጽር የጨዉን አሥራ አንድ እየቀነሰች ታሳየዋለች፣ እሱም እየጨመረ ዓሣውን በጨው ይፈጃል።

«እትዬ ሙሉዬ፣ እኔ ነኝ» አለ። «እኔው ነኝ።»

መነጽሯን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ በመዶሻ ዱቄት አደረጋት። ከዚያ ግንባሩን ከሱቁ የብረት በር ጋር ያላትመው ገባ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ደሙ ቅንድቡ ላይ ወረደ። ሰው ተሰበሰበ። እኔ አላዘንኩለትም። አንገትጌውን ይዤ ጎተትኩት።

«ራስህን ብትፈነክት የልጁ ጆሮ ይመለሳል? በማርያም፣ ለበሩ ሳይሆን ለእሱ ንገረው! ቅደም!»

ደሙን በእጅጌው እየጠረገ እህል በረንዳ ድረስ ከፊቴ ሄደ። ቢላል በጤፍ ጆንያዎች መሃል ቁጭ ብሎ ይሰፋል፣ ጆሮው በፋሻ ታስሯል። ሙነወር ፊቱ ቆሞ ሁሉንም ተናገረ፤ ጠርሙሱን፣ መምጠጫውን፣ አሥራ አንዱን፣ አርባ ስድስቱን። ሲያወራ ያለቅስ ነበር። ሙነወር ሲያለቅስ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

«ከመስመሩ አላሳለፍክም። እውነትህን ነበር። አውፍ በለኝ፣ ቤትህ ግባ።»

ቢላል እጁን ከሲንጀሩ ጎማ ላይ አነሳ። ቁጣ አልነበረበትም፣ እሱ ነው የባሰው።

«ሙነወር» አለው። ከልጅነቱ ጀምሮ ጋሼ እንጂ በስሙ ጠርቶት አያውቅም። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። መነጽሯ ልክ ብትሆን ኖሮስ? እውነትም ውሃ አብዝቼ ቢሆን፣ ጆሮዬ ለዚያ ይገባው ነበር?»

ሙነወር ዞሮ እኔን አየኝ፣ ምን በል ልበለው? «አዎ በለው» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። ቢላል መልሱን እየጠበቀ ሁለታችንንም በየተራ አየን፣ ከዚያ እጁን ወደ ሲንጀሩ ጎማ መልሶ መስፋቱን ቀጠለ።