ስግደት ላይ የሚወስደኝ እንቅልፍ

በሰሙነ ሕማማት በደባርቅ እንደኔ ተመስጦ የሚሰግድ የለም ይባል ነበር። ግንባሬ መሬት ከነካ ቶሎ አልነሣም። ሌላው ሦስት ጊዜ ወድቆ ሲነሣ እኔ እዚያው ነኝ። ሴቶቹ «እንዴት ያለ ጸጋ ነው የተሰጣት!» ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ተኝቼ ነው። ሙገሳው ደስ ስለሚለኝ ግን ዝም አልኩ።

ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ ስነሣ ያልተኛ ሰው ነኝ። ራሴን ይፈልጠኛል፤ ምስር ስለቅም እንኳ ሰፌዱ ላይ እደፋለሁ። ዕድሜ ነው ብዬ ተውኩት። የሚያናድደኝስ ባሌ ነበር። ሳንቃ በር በሚባለው ስፍራ የፓርክ ስካውት ሆኖ ዋልያ ሲጠብቅ ኖሮ ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ ቀን ቀን ደጃፍ መደብ ላይ ተጋድሞ ያንቀላፋል። «እሱ መቼ ዋልያ ጠበቀ? ዋልያዎቹ ናቸው እሱን ሲጠብቁት የኖሩት» እያልኩ ጎረቤት አስቅበታለሁ። እሱም አብሮ ይስቃል።

ኋላ ኅሊናዬ ቢቆረቁረኝ ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ። «አባ፣ ስግደት ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል» አልኳቸው። አሰብ አደረጉና ቀኖና ሰጡኝ፤ መቶ ስግደት። ለእንቅልፍ ስግደት! ሰባተኛው ላይ ተኛሁ። አጠገቤ ቆመው ነበርና ማንኮራፋቴን ሰሙ። ከዚያ ማንኮራፋቱ ቀጥ አለ፤ ትንፋሼም አብሮ። ደንግጠው በመቋሚያቸው ነካ ነካ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ይኼስ የኔ ሥራ አይደለም። ነገውኑ ሐኪም ቤት ሂጂ» አሉ።

ነርሷ ግፊቴን ለካች፤ ደግማ ለካች።

«እናቴ፣ ሲተኙ ትንፋሽዎ ይቋረጣል?»

«ተኝቼ በምን አውቃለሁ?»

ባሌ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። «ይቋረጣል» አለ። «ጎኗን ነካ ሳደርጋት ይመለሳል። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ እንዲህ ነው።»

«ታዲያ እርስዎ መቼ ይተኛሉ?»

«ቀን ቀን።»

ነርሷ እንዲህ ከቀጠለ ልቤን እንደሚጎዳው ነግራኝ፣ ጎንደር ሄጄ እንድመረመር ወረቀት ጻፈችልኝ። መንገድ ላይ «ለምን አልነገርከኝም?» ብዬ ተቆጣሁት።

«ብነግርሽ መተኛት ትፈሪያለሽ ብዬ» አለኝ።

አፈርኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ያሳቅሁበት ነገር አንድ በአንድ ትዝ አለኝ።

ቤት እንደ ደረስን መደቡ ላይ ጋደም አለ። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ «ዘበኛሽ ዛሬም ተኛ?» አለችና ሳቄን ጠበቀች።

ጋቢውን አለበስኩት።

«ቀስ ብለሽ አውሪ» አልኳት፤ «ሌሊት ተረኛ ነበር።»